ከጤና ጣቢያ ደጃፍ የሚመልስ ፍርሃት

  የዛሬው የጤና ትምህርታችን ለአዋቂዎች የተዘጋጀ ስለሆነ ልጆች አጠገባችሁ ካሉ አስቀድማችሁ እንድታውቁት እንወዳለን። ርዕሳችን መገለልና ጭንቀት በኤች አይ ቪ ሕክምና ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ነው። የምንነጋገረውም በሬዲዮ ብዙ ጊዜ ስለማይነሱ ሰዎች፣ ከወንድ ጋር ወይም ከወንድም ከሴትም ጋር የፍቅርና የግብረ ሥጋ ግንኙነት ስላላቸው ወንዶች ነው።

ጉዳዩ ለብዙ ጆሮ እንደሚከብድ እናውቃለን። በእምነትም በባህልም በኩል የሁላችንም ሐሳብ አንድ አይደለም። በአንድ ነገር ግን ልንስማማ ይገባል ብለን እናምናለን፤ መድኃኒቱ በእጃችን እያለ ማንም ሰው አፍሮና ፈርቶ መሞት የለበትም። የዛሬው ዝግጅታችን ከዳር እስከ ዳር የሚናገረው ይህንኑ ነው።

በቅርብ ከምናውቀው እንጀምር። የአታት ሆስፒታልን የማያውቅ በጉራጌ አካባቢያችን አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊካውያን ሲስተሮች የተመሠረተው ይህ ሆስፒታል ከብዙ ሥራዎቹ መካከል በእናቶች ማቆያው ይታወቃል። ቤቷ ሩቅ የሆነ፣ ምጡ ያስቸግራታል ተብላ የተገመተች ነፍሰ ጡር መውለጃዋ ሳይደርስ መጥታ በሆስፒታሉ ግቢ ትቆያለች። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ድረስ በነበሩት 22 ዓመታት በሆስፒታሉ የወለዱ ከ24 ሺህ በላይ እናቶች መዝገብ ተመርምሮ ነበር። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞት መጠኑ ከ100 ሺህ ወደ 90 ገደማ ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበር። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ የደረሱት ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው። ሐኪሙ ያው ነው፣ አልጋው ያው ነው፣ መድኃኒቱም ያው ነው። ትልቁን ልዩነት ያመጣው በጊዜ መድረስ ነው።

እነዚያን እናቶች ያዘገያቸው ገደሉ፣ ወንዙና የመኪና መንገድ መጥፋቱ ነበር። ዛሬ የምንነጋገርላቸውን ወንዶች የሚያዘገያቸው ግን ፍርሃት ነው። ከጤና ጣቢያው አጥር ጀርባ ቤቱ ያለ ሰው፣ ሰው ያየኛል ብሎ ከፈራ፣ ለሕክምናው የሩቅ አገር ሰው ነው።

አድማጮቻችን፣ ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተወሰደ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት ደግሞ በ1986 ነው። ያን ዘመን የኖረ ሰው ፈጽሞ አይረሳውም፤ በሽተኛው ይሸሻል፣ ዕቃው ይለያል፣ ለቅሶው እንኳ በሹክሹክታ ነበር። ነገሩ መለወጥ የጀመረው ሕሙማኑ ራሳቸው አደባባይ ወጥተው በመናገራቸው፣ እንደ መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራትም በመመሥረታቸው ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ጀመረ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት መካከል የስርጭቱ መጠን 0.9 በመቶ መሆኑን አሳየ። በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4 በመቶ ነበር።

ዛሬ ቫይረሱ በደሙ የተገኘ ሰው በአብዛኛው በቀን አንድ ክኒን ይወስዳል። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የተባሉ ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ክኒን ተቀናጅተዋል። ክኒኑ ሳይቋረጥ ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የአውሮፓ ጥናት፣ አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት 782 የወንድ ለወንድ ጥንዶችን ተከታትሎ ነበር። ቫይረሱ ያለባቸው ሁሉ መድኃኒታቸውን በአግባቡ ይወስዱ ነበር፤ ጥንዶቹም ኮንዶም አይጠቀሙም ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈበት አንድም አጋጣሚ አልተገኘም። በወንድና በሴት ጥንዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ያረጋገጡት ይህንኑ ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህን ለጎረቤታችሁ ንገሩ፤ ለልጆቻችሁም ንገሩ።

እንግዲህ መድኃኒቱ ካለ፣ በነጻም ከሆነ፣ ሰው ለምን ይቀራል?

አንድ ወጣት በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። መርካቶ በሱቅ ሥራ የሚተዳደር ነው። ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ካወቀ ቆይቷል፤ መድኃኒቱን የሚወስደው አዲስ አበባ ነው። መስከረም ሲጠባ እንደማንኛውም የጉራጌ ልጅ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ከመነሳቱ በፊት ክኒኖቹን የቫይታሚን ስም ወደተጻፈበት ብልቃጥ ይገለብጣቸዋል፤ ቦርሳው ውስጥ ሲንኳኩ እንዳይሰሙም ጥጥ ይጠቀጥቅባቸዋል። ቤት ሲደርስ ክትፎው ቀርቧል፤ ዘመድ ተሰብስቧል። አጎቱ «አንተ ልጅ፣ እኩዮችህ ሁለት ሦስት ወለዱ፤ አንተስ ለወግ ለማዕረግ የምትበቃው መቼ ነው?» ይሉታል። እናቱም «ሳልሞት ልይልህ እንጂ፣ የኔ ልጅ» ይላሉ። እሱም ፈገግ ብሎ «ይደርሳል ጋሼ፣ ይደርሳል» ይላል። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ማታ ክኒኑን የሚውጥበት ሰዓት ሲደርስ ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ነገ እወስደዋለሁ ብሎ ያልፈዋል። ማግስቱንም እንዲሁ። በዓሉ ሲራዘም የያዘው ክኒን ያልቃል። ወልቂጤ ሄዶ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ነገር ግን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚሰጥበት የኤአርቲ ክፍል በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቢቀመጥ ከሰፈሩ ሰው አንዱ ሳያየው አይቀርም። ከታየ ሁለት ጥያቄ ይከተላል። አንደኛው «ምን ሆነህ ነው?» የሚለው፣ ሁለተኛው ደግሞ «ከማን አገኘኸው?» የሚለው ነው። ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ያስፈራዋል። ስለዚህ ሳይሄድ ይቀራል፤ የቫይረሱም መጠን እንደገና መውጣት ይጀምራል።

ይህን ወጣት ያሰብነው ለማስረዳት ነው፤ በውስጡ የሚካሄደው ነገር ግን በሳይንስ የተጠና ነው። ኢላን ሜየር የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሰፊ ጽሑፍ፣ የተጠሉና የተገለሉ ሰዎች ከሌላው ሰው የኑሮ ጭንቀት በላይ የሚሸከሙት ተጨማሪ ጭንቀት እንዳለ አስረድተዋል። ይህን ጭንቀት በአራት መልኩ ልንረዳው እንችላለን። የመጀመሪያው በግልጽ የሚደርስ በደል ነው፤ ስድብ፣ ድብደባ፣ ከሥራና ከቤት መባረር፣ «እናጋልጥሃለን» ተብሎ ገንዘብ መጠየቅ። ሁለተኛው ይደርስብኛል ብሎ ሁልጊዜ መስጋት ነው፤ ምንም ባልተደረገበት ቀን እንኳ ሰውየው እንደተወጠረ ውሎ እንደተወጠረ ያድራል። ሦስተኛው መደበቅ ነው፤ ንግግርን፣ ስልክን፣ ጓደኛን፣ አካሄድን ሳይቀር መጠበቅ። አራተኛውና የከፋው ደግሞ የሰውን ንቀት ወደ ውስጥ አስገብቶ ራስን መጥላት ነው። ራሱን የጠላ ሰው ለራሱ መድኃኒት መውሰድ ከባድ ይሆንበታል።

ጭንቀቱ ሐሳብ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ወደ ሰውነት ይወርዳል። ለረጅም ጊዜ የተወጠረ ሰው ሰውነት ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ከልክ በላይ ያመነጫል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዛባል፣ የሰውነት የመከላከል አቅም ይዳከማል። ጭንቀቱን ለመርሳት ወደ መጠጥና ወደ ጫት የሚሄደውም ብዙ ነው። ስቲቭ ኮል የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት ቫይረሱ በደማቸው ያለ 80 ወንዶችን ለ9 ዓመታት ተከታትሏል። ማንነታቸውን ደብቀው በሚኖሩት ላይ በሽታው ፈጥኖ ሲገፋ ታይቷል። ይህ ማለት ግን ሰው ሁሉ ምስጢሩን አደባባይ ያውጣ ማለት አይደለም። መታወቅ አደጋ በሚያመጣበት አገር ጥንቃቄ ጥበብ ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው፤ ሁሉንም ነገር ብቻውን የሚሸከም ሰው ይጎዳል፤ ምስጢሩን የሚጋራው አንድ የታመነ ሰው ያለው ግን ይቀለዋል።

መገለል ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የታወቀ የጤና ምርምር ማዕከል ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የቡታጅራ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በቤታቸው ያለ 178 ዘመዶችን ጠይቆ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናገሩ። እነርሱ ራሳቸው እኮ አልታመሙም። መገለል ከታማሚው አልፎ እናትን፣ እህትንና ሚስትን ይደርሳል፤ ብዙ ቤተሰብም ታማሚውን የሚደብቀው ለዚህ ነው።

ቀጥለን ወደ ሕጉ እንሂድ፤ አድማጭ ይህን ሳያውቅ መቅረት የለበትምና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚደረግ ግንኙነትን በእሥራት ይቀጣል። ይኸው ሕግ ግን በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትንም ወንጀል አድርጎታል። ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅም ሆነ ፋርማሲስት በሥራው ምክንያት ያወቀውን የታካሚ ምስጢር ሕግ ከፈቀደለት ውጭ ቢያወጣ ይጠየቃል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት መከበር ደንግጓል። ስለዚህ በምርመራ ክፍል የሰማውን በቡና ቤት የሚያወራ ባለሙያ ሐሜተኛ ብቻ አይደለም፤ ሕግ ተላላፊ ነው።

ፍርሃት የሕዝብ ጤናን እንደሚጎዳም በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመና ከሰሃራ በታች ባሉ 10 አገሮች የተደረገ ጥናት፣ ግንኙነቱ በሕግ በሚያስቀጣባቸው አገሮች በእነዚህ ወንዶች መካከል የቫይረሱ ስርጭት ከማያስቀጣባቸው ይልቅ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በእኛ እምነት ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፤ የሚፈራ ሰው አይመረመርም፣ ያልተመረመረ ሰው አይታከምም፣ ያልታከመ ሰው ደግሞ ሳያውቅ ያስተላልፋል። ከነዚህም ወንዶች መካከል ሚስት ያላቸው፣ ልጆች ያሏቸው አሉ። የእነርሱ ጤና የሚስቶቻቸውም ጤና ነው።

ሌላም ክፍተት አለ። የአገራችን የኤች አይ ቪ ትምህርት ለአርባ ዓመት ያህል ሲናገር የኖረው ስለ ወንድና ሴት ብቻ ነው። ዛሬም የኤች አይ ቪ መርሐ ግብሩ ትኩረት ከሚሰጣቸው መካከል በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች፣ የረጅም ርቀት አሽከርካሪዎችና የሕግ ታራሚዎች ይገኛሉ፤ ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶች ግን አይጠቀሱም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 በታተሙ ጥናቶቻቸው በአዲስ አበባ የሚኖሩ እንዲህ ያሉ ወንዶችን አነጋግረው፣ በፍርሃትና በራስ ወቀሳ መካከል እንደሚኖሩ አሳይተዋል። ሰው ስለ እሱ ሲነገር ሰምቶ የማያውቀውን አደጋ አደጋ ነው ብሎ አያስብም።

ስለዚህ በግልጽ እንናገረው። በፊንጢጣ የሚደረግ ግንኙነት፣ ከወንድም ሆነ ከሴት ጋር ቢሆን፣ ቫይረሱን ለማስተላለፍ ከሌላው የግንኙነት ዓይነት ይበልጥ አደገኛ ነው፤ የአካባቢው ገላ ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ኮንዶም ይከላከላል፤ ነገር ግን ቫዝሊን፣ ቅባትና የምግብ ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን ያሳሳሉ፣ ይቀድዱታልም። የሚያስፈልገው በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ነው። ኮንዶም የተቀደደበት ወይም ሌላ አጋጣሚ ያስጨነቀው ሰው ቀን መቁጠር የለበትም። መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀናት ነው። ለኤች አይ ቪ ሲመረመሩ ቂጥኝንና የጉበት ቫይረስንም አብሮ መመርመር ይገባል።

አሁን ለጤና ባለሙያዎች አንድ ቃል አለን። እናንተ በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም የበለጠ ኃይል አላችሁ። «ባለትዳር ነዎት?» ብሎ ጀምሮ «ሚስትዎን ይዘው ይምጡ» ብሎ የሚጨርስ ባለሙያ ሳያስበው በሩን ዘግቷል። እስቲ በዚህ ፋንታ እንዲህ ቢል፦ «ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ የምጠይቀው ሁሉንም ሰው ነው፤ የሚነግሩኝም ከዚህ ክፍል አይወጣም። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያለዎት ከሴት ጋር ነው፣ ከወንድ ጋር ነው ወይስ ከሁለቱም ጋር?» ይህን በተረጋጋ ድምፅ፣ ፊት ሳይለወጥ መጠየቅ ሙያ ነው። ሰውየው ዝም ካለ አትቸኩሉ፤ ቀና ብሎ እስኪናገር ጠብቁ። ከተናገረ አትገሥጹ፤ ለሕክምናው የማያስፈልገውንም በካርዱ ላይ አትጻፉ። «እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ሕይወት አስጠልቶዎት ያውቃል?» ብላችሁም ጠይቁ። ድባቴ ይታከማል፤ በአካባቢያችን በሶዶ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረው ሥራ የአእምሮ ጤና አገልግሎትን በጤና ጣቢያ ደረጃ መስጠት እንደሚቻል ታይቷል። ለዚህ የግድ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

የሃይማኖት አባቶች ሆይ፣ ለእናንተም በአክብሮት እንናገራለን። በ1999 ዓ.ም. ብዙ ሰው ጸበል ሲጠመቅ መድኃኒቱን ያቋርጥ ነበር። ያን ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ተናገሩ። ከትምህርተ ሃይማኖታቸው አንዳች አልቀነሱም፤ ቃላቸው ግን ለመድኃኒቱ መንገድ ጠረገለት። ዛሬም ቄሱም ሼኩም ፓስተሩም ስለ ኃጢአት የሚያምኑትን እያመኑ «ምእመኔ ሆይ፣ መድኃኒትህን አታቋርጥ፤ ማንም ማንንም አይደብድብ፣ አያሳድድ» ማለት ይችላሉ።

ለወላጆችም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ለተመሳሳይ ፆታ ያለን ስሜት ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል። ስለዚህ ልጃችሁን በዱላ ወይም በግድ ጋብቻ እናድነዋለን ብላችሁ አታስቡ። በግድ የተዳረ ልጅ ስሜቱ አይለወጥም፤ ምስጢሩ ግን ሁለት ሰው ይጎዳል። ልጃችሁ ከከበደው የሚሸሽበት ሳይሆን የሚሸሸግበት ቤት ሁኑለት።

በመጨረሻም ይህን ሬዲዮ ድምፁን ዝቅ አድርገህ ለምታዳምጠው ወንድማችን። ካልተመረመርክ ተመርመር። በሰፈርህ የምትፈራ ከሆነ ወደ ሌላ ከተማ ሂድ፤ ወልቂጤ ያለኸው ቡታጅራ፣ ቡታጅራ ያለኸው አዲስ አበባ መታከም ትችላለህ። ውጤትህ ምንም ይሁን ምን ሕክምና አለ። መድኃኒት ከጀመርክ ለበዓል ስትሄድ ከምትቆይበት ቀን በላይ የሚበቃህን ያዝ፤ ሰዓቱንም በስልክህ ሙላው። ክኒን ከዘለልክ ተስፋ ቆርጠህ አትቅር፤ ተመልሰህ ለባለሙያው ንገር። ሕይወት ካስጠላህ ዛሬውኑ ለምታምነው አንድ ሰው ተናገር ወይም ቅርብህ ወዳለው ጤና ጣቢያ ግባ።

እኛ ሌሎቻችን ደግሞ በኤአርቲ ክፍል በር ላይ የተቀመጠ ሰው ስናይ ዓይናችንን መልሰን እንለፍ፤ ወደ ሰፈር ወሬ ይዘን አንሂድ። የሰው ሕይወት ለማትረፍ ከእያንዳንዳችን የሚጠየቀው ይህን ያህል ነው።